«ኮፊ» ከከፋ አልተወለደም

አገራችን ውስጥ ስለ ቡና በተወራበት ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቀርም፤ «ኮፊ የሚለው የፈረንጅ ቃል የመጣው ከከፋ ነው» ይባላል። የቱሪስት መጽሔት ያትመዋል፣ የቡና ማሸጊያ ጀርባ ላይ ይነበባል፣ አስጎብኚ ለእንግዳው ይነግረዋል፣ የበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ይደግመዋል። የሚጠራጠረው ሰው እምብዛም ነው። ቢጠራጠርስ ምን ብሎ? ድምፁ ይገጥማል፣ ቡናውም በእርግጥ ከፋ ጫካ ውስጥ ይበቅላል፣ ሲሰሙት ደግሞ ያኮራል።

እኔ ግን አባባሉ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ነገሩ በስህተትነቱ ብቻ ቢቀር ኖሮ «ተረት ነው፣ ይለፍ» ማለት ይቻል ነበር። ጉዳቱ ግን ከዚያ ያልፋል፤ በእጃችን ያለውን እውነተኛ ማስረጃ አስጥሎ የሌላ ሕዝብ ቃል ያሳቅፈናል። ዓለም ከእኛ ወገን የወሰደው ቃል አለ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀምበታል። ያ ቃል «ቡና» ነው እንጂ «ከፋ» አይደለም።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። ክርክሬ ስለ ተክሉ አይደለም። «አረቢካ» የሚባለው የቡና ዝርያ በዱር በቀልነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ጫካዎች፣ በደቡብ ሱዳኑ የቦማ አምባ እና በኬንያው የማርሳቢት ተራራ ነው፤ ሰፊው የዘር ሀብት ያለው ደግሞ በእኛው ጫካ ነው። ይህን የዕፅዋት ተመራማሪዎችም የዘረ መል ባለሙያዎችም አረጋግጠውታል። ዩኔስኮ በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የከፋንና የያዩን ጫካዎች በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧቸዋል። ስለዚህ «ቡና የት በቀለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እኛው ዘንድ ነው። «ኮፊ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተክል በዘሩ ይጓዛል፣ ቃል በአፍ ይጓዛል፤ መንገዳቸው አንድ ይሁን የሚል ሕግ የለም።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ብርቱካን የምንለው ፍሬ ስሙን ያገኘው ከፖርቱጋል ነው፤ አረቦች «ቡርቱቃል»፣ ቱርኮች «ፖርታካል» ይሉታል። ፍሬው ግን የእስያ ተወላጅ ነው፤ ፖርቱጋሎች ነጋዴዎቹ ነበሩ። ስም የትውልድ ማስረጃ ይሆናል ካልንማ ቡናን ራሱን ለአረብ ማስረከባችን ነው፤ ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ ሰይሞታልና። ያ ስያሜ አሳሳች መሆኑን፣ ተክሉ የአረብ ምድር ተወላጅ አለመሆኑን አስረግጠን የምንናገረው እኛው ነን። «አረቢካ ቢባልም የአረብ አይደለም» ብለን ስንከራከር ውለን፣ ወዲያው ዞር ብለን «ኮፊ ስለተባለ የከፋ ነው» ካልን የያዝነው አባይ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያውን ምስክር ከራሱ ከከፋ እንጥራ። የከፋ ሰው ቡናን ምን ብሎ ይጠራዋል? «ቡኖ» ነው የሚለው። በኦሮምኛ «ቡና»፣ በትግርኛ «ቡን»፣ በሶማልኛም ፍሬው «ቡን» ይባላል። እነዚህ ቋንቋዎች የአንድ ቅርንጫፍ እንኳን አይደሉም፤ ኦሞቲክ አለ፣ ኩሻዊ አለ፣ ሴማዊ አለ። ሁሉም ግን በአንድ ቃል ተስማምተዋል። «ከፋ» የሚለው የአገርና የሕዝብ ስም ሲሆን ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱም መጠጡን በዚህ ስም አይጠራውም። የተለመደውን አባባል ከተቀበልን ታዲያ የምንቀበለው ይህን ነው፤ አረቡ ነጋዴ በሄደበት ሁሉ «ቡን፣ ቡን» ሲሰማ ከርሞ፣ ያገሬው ሰው ለቡና ያላወጣውን ስም ከሩቅ መንግሥት ተውሶ ለመጠጡ ሰጠ።

«የቦታ ስም የሸቀጥ ስም ይሆን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሆናል። «ሞካ» የሚለው ስም የመጣው ከየመኑ የመኻ ወደብ ነው። መኻ ግን ቡና የሚጫንበት ወደብ ነበር፤ መርከበኛው ሁሉ ያውቀዋል፣ ጆንያው ሁሉ ከዚያ ይነሣል። ከፋ በአንጻሩ ከባሕር እጅግ የራቀ፣ ድንበሩን በጉድባና በኬላ አጥሮ የኖረ መንግሥት ነበር። በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረክ ድረስ በሩን ለውጭ ሰው እንደልብ አልከፈተም። የኤደንና የመካ ሰው መጠጡን በዚህ አገር ስም የሚሰይምበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ምስክር አረብኛው ራሱ ነው። «ኮፊ» ከደች «ኮፊ»፣ «ካፌ» ከጣሊያንና ከፈረንሳይ፣ እነርሱ ከቱርኩ «ካህቬ»፣ ቱርኩም ከአረቡ «ቃህዋ» መምጣቱ የሚያከራክር አይደለም። የከፋ ወገን ነን የሚሉትም ይህን ይቀበሉና «ቃህዋ ራሱ ከከፋ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚፈርሰው። «ቃህዋ» የቡና መጠጥ ስም ከመሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። በ814 ገደማ የሞተው ዝነኛው የባግዳድ ባለቅኔ አቡ ኑዋስ ቃህዋን ሲያነሣ የሚያወድሰው ጠጁን ነው። ኢብን መንዙር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናቀረው «ሊሳን አል ዐረብ» የተባለው ታላቅ መዝገበ ቃላትም ቃህዋን ወይን ጠጅ ብሎ ይፈታና ምክንያቱን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ነው ይላል። በ1986 ጉዳዩን የመረመረው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ አለን ኬይ ደግሞ ሥሩን ከጥቁረት ጋር አያይዞታል። በየትኛውም ትርጓሜ ቢሄዱ ሥሩ አረብኛ ነው፤ አቡ ኑዋስ ጠጁን ሲቀኝለት የከፋው የሚንጆ ሥርወ መንግሥት ሊጀምር ገና ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

ቃሉ ከጠጅ ወደ ቡና የተሻገረበትን መንገድም አረቦቹ ጽፈውታል። አብዱልቃድር አል ጀዚሪ በ1550ዎቹ መጨረሻ ስለ ቡና ሕጋዊነት የጻፈው መጽሐፍ የቀደሙትን ወሬዎች ሰብስቦ ይዟል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት የሚያነቃ መጠጥ ይጠጡ ነበር። በ1470 ገደማ የሞተው የኤደኑ ሊቅ አል ዘብሃኒ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እኛ ጠረፍ እንደመጣ፣ እዚያም የቡናን ጠባይ ዐውቆ እንደተመለሰ አንዱ ወሬ ይናገራል። ሌላው ወሬ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ የመጀመሪያው «ቃህዋ» የሚፈላው ከቡና ሳይሆን ከጫት ቅጠል ነበር፣ ቡና የተተካው በኋላ ነው ይላል። ይህን ካየን የስሙ ጠባይ ይገባናል። «ቃህዋ» የፍሬ ስምም የአገር ስምም አይደለም፤ ፍላጎትን የሚዘጋ መጠጥ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። ጠጁ የምግብን ፍላጎት ዘጋ፣ ጫቱና ቡናው የእንቅልፍን ፍላጎት ዘጉ። ከጫት ቅጠል የተፈላን መጠጥ በከፋ ስም የሚጠራበት ምን ምክንያት አለ?

ያው አል ጀዚሪ ስለ እኛ ያለውን ልብ እንበል። በሰዐደዲን አገር (በአዳል)፣ በሐበሻና በጀበርቲ ምድር ቡና ከየመን አስቀድሞ ይታወቅ እንደነበር መስክሯል። የአረብ ጸሐፊ የቡናን ቀዳሚነት ለማዶው ሕዝብ ሰጥቷል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ይህንን ጽሑፍ የሚጠቅስ የቡና ማሸጊያ ግን አላየሁም። የሚጠቀሰው ካልዲ ነው። የፍየል ጠባቂው ተረት ደግሞ ከከፋ የወጣ አይደለም፤ ቡና በልተው የዘለሉት እንስሳት ታሪክ መጀመሪያ የታተመው በ1671 ሮም ላይ፣ ናይሮን በተባለ ማሮናዊ ሊቅ መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው። ከአውሮፓ የመጣን፣ በኋላ ስምና አገር የወጣለትን ተረት ተቀብለን መልሰን ለአውሮፓዊው በማስረጃነት እንነግረዋለን።

ሦስተኛው ምስክር «ፈ» የሚለው ድምፅ ነው። የከፋን ወገን ያሳመነው ይኸው ድምፅ ነው፤ «ኮፊ»ም «ከፋ»ም ውስጥ ይሰማል። ነገር ግን ድምፁ የት እንዳለና የት እንደሌለ በካርታ ላይ ብንከተለው የሚገርም ነገር እናያለን። ለከፋ ቅርብ በሆኑት አገሮች «ፈ» የለም። አረቡ «ቃህዋ» ይላል፤ አረብኛ «ፈ»ን አብጠልጥሎ የሚናገር ቋንቋ ነውና «ከፋ»ን ሰምቶ «ቃህዋ» የሚልበት ችግር አልነበረበትም። ጎረቤታችን ስዋሂሊ «ካሃዋ» ይላል። ቱርኩ «ካህቬ»፣ ፋርሱ «ቃህቬ»፣ ሃንጋሪው «ካቬ»፣ ፖላንዱ «ካቫ» ይላሉ። «ፈ» ደምቆ የሚሰማው ግሪክን፣ ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ እንግሊዝን ስንደርስ ነው። ቃሉ ከከፋ ቢነሣ ኖሮ «ፈ» ከምንጩ ዘንድ በርትታ እየራቀች ስትሄድ መድከም ነበረባት፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ለውጡ የተደረገበትን ስፍራ ዛሬም በዓይን ማየት ይቻላል። በባልካን የሚኖሩት ሦስት ሕዝቦች ቋንቋቸው እጅግ ተቀራራቢ ከመሆኑ የተነሣ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ቡናን ግን ቦስኒያዊው «ካህቫ»፣ ክሮኤሺያዊው «ካቫ»፣ ሰርቡ «ካፋ» ይለዋል። በቱርኩ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን የነበሩት «ህ» እና «ቭ» በአንዱ ዘንድ ሁለቱም ቆዩ፣ በሌላው ዘንድ «ህ» ወደቀች፣ በሦስተኛው ዘንድ ሁለቱ ተዋህደው «ፈ» ሆኑ። የሰርቡ «ካፋ» ከእኛው ከፋ ጋር ሊለይ እስከማይችል ድረስ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ጎረቤቶቹን አጠገቡ ስናቆማቸው ከየት እንደመጣ ወዲያው ይታወቃል። «ፈ» ከኢትዮጵያ አልተጫነችም፤ መንገድ ላይ ተወለደች።

በጆሮ ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስት ለማየት ሌላም ከፋ አለ። በጥቁር ባሕር ጠረፍ፣ በክራይሚያ፣ ዛሬ ፌዮዶሲያ የምትባለው ከተማ በመካከለኛው ዘመን «ካፋ» ትባል ነበር። የጄኖዋ ጣሊያኖች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ያስተዳደሯት ትልቅ የንግድ ከተማ ስትሆን በ1475 ኦቶማን ቱርኮች ያዟት። ቡናን ለአውሮፓ ያስተዋወቁት ቱርኮች ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጠጪዎችም ጣሊያኖች ይገኙበታል፤ ካፋን ሁለቱም ገዝተዋታል። የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ ከሆነ የክራይሚያ ሰው «ኮፊ የእኔ ነው» ቢል ከእኛ የበለጠ ሙግት አለው። ማንም ግን እንዲያ አይልም፤ አያስኬድምና።

አሁን ተቃዋሚዬ የሚያነሣውን ጠንካራ ነጥብ ልውሰድ። «ይህን ግምት እኛ አልፈጠርነውም፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው ጽፈውታል፣ በመዝገበ ቃላታቸውም ይገኛል» ይላል። እውነት ነው፣ ይገኛል። እንዴት እንደሚገኝ ግን ማንበብ ያስፈልጋል። ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግምቱን ያነሣና ማስረጃ የሌለው መሆኑን ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲያስቀምጥ ፍሬውና ተክሉ በአረብኛ «ቡን» እንጂ «ቃህዋ» እንደማይባሉ፣ በሸዋም ስሙ «ቡን» መሆኑን ይገልጻል። እኛ ግምቱን ወስደን ማስተባበያውን ትተነዋል። የሚያሳዝነው ማስተባበያው ውስጥ የነበረው የእኛ ስም መሆኑ ነው።

«ይህ የነጮች ምሁራን ፍርድ ነው፤ ለአፍሪካ ክብር መስጠት አይወዱም» የሚልም አለ። በሌላ ጉዳይ ላይ ልክ ሊሆን የሚችል ጥርጣሬ ነው። እዚህ ግን ያቀረብኳቸው ምስክሮች የከፋው «ቡኖ»፣ የስዋሂሊው «ካሃዋ» እና የአረቡ አል ጀዚሪ ናቸው። ይልቅ በአውሮፓ ጆሮ የሚታመነው «ከከፋ ነው» የሚለው አባባል ነው፤ ለጎረቤቶቻችን ቋንቋ ጀርባውን ሰጥቶ እንግሊዝኛውን ቃል ማዕከል ያደርጋልና። ለከፋ ሰው ክብር የሚሆነው ፈረንጅ መጠጡን በምን ስም እንደሚጠራው ነው ወይስ እርሱ ራሱ «ቡኖ» ማለቱ?

አሁን ወደ ተጣለው ሀብታችን እንመለስ። ቡና ወደ አረብ ምድር ሲሻገር ሁለት ስሞች ተከፋፈሉት፤ መጠጡን «ቃህዋ» ወሰደው፣ ፍሬው ግን በአገሩ ስም «ቡን» ተብሎ ቀረ። ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ አለ። ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ለእንግዳ «ጋህዋ» ቅጂ ትባላለች፤ ገበያ ስትላክ ግን የምትገዛው «ቡን» ነው። በዘመናዊው አረብኛ የቡናማ ቀለም ስም «ቡኒ» ነው። እኛም «ቡናማ» እንላለን። ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ በጽሕፈት አረብኛ የሚማር ሕፃን ቀለም ሲቆጥር ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ሰዎች አፍ የወጣውን ቃል ይጠራል። ሶማሌውም ክፍፍሉን ጠብቋል፤ ፍሬው «ቡን»፣ መጠጡ «ቀሕዎ» ነው።

አውሮፓውያንም መጀመሪያ ሲሰሙ የሰሙት ሁለቱንም ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሌዮንሃርድ ራውቮልፍ በ1573 ሐለብ ላይ ቡና ሲጠጣ አይቶ በ1582 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መጠጡን «ቻውቤ»፣ የሚፈላበትን ፍሬ «ቡኑ» ብሎ መዝግቧል። ጣሊያናዊው ፕሮስፔሮ አልፒኒም ስለ ግብፅ ዕፅዋት በ1592 ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን «ቦን» በሚል ስም አስተዋውቋል። ስለዚህ ስለ ቡና በአውሮፓ ከታተሙት ቀደምት ጽሑፎች ውስጥ የእኛ ቃል በግልጽ ተጽፏል። በኋላ መጠጡን የሸጠው ቱርክ፣ ያስፋፋው የቡና ቤት ንግድ ስለሆነ «ካህቬ» አሸነፈ። በኢስታንቡል የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች በ1555 ገደማ ከከፈቱ በኋላ ቃሉ መጠጡን ተከትሎ ሮጠ። ቢሸነፍም ቃላችን ተመዝግቦ አለ፤ የመዘገቡትን ሰዎች ስም ጠቅሶ፣ ዓመቱን ቆጥሮ ማሳየት ይቻላል። ይህን አስቀምጦ በድምፅ መመሳሰል መከራከር የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነው።

እውነተኛው ታሪክ ትንሽ ትሕትናም ይጠይቀናል። ቃል በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ከእኛ «ቡን» ሲወጣ ከማዶ ብዙ ገብቷል። ረከቦቱ ላይ የሚደረደረውን እንይ። «ፍንጃል» አረብኛ ነው፤ የባሕረ ሰላጤው አረብ ዛሬም «ፊንጃል» ይለዋል። «በረካ» አረብኛ ነው፤ ትርጉሙም ያው በረከት ነው። «አቦል» ከአረብኛው «አወል»፣ ማለትም የመጀመሪያ ከሚለው ነው። ጀበናም ከሱዳን ጋር የምንጋራው ስም ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን «ጀበና» ሲባል ቡናውን ራሱን ማለት ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ የካልዲ ፍየሎች ስም ናቸው የሚል ተረትም ሰምተናል። ይህ ተረት የሚደብቀው አንድ ትልቅ እውነት አለ፤ ቡናን በሥርዓት አፍልቶ፣ መርቆ፣ በዙር ቆጥሮ የመጠጣት ልማድ ወደ ክርስቲያኑ ደገኛ የደረሰው በአብዛኛው በሙስሊሙ ወገናችን በኩል ነው። ደገኛው ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን «የሙስሊም መጠጥ ነው» እያለ ይርቀው ነበር፤ በሰፊው የለመደው በምኒልክ ዘመን አካባቢ ነው። ዛሬ «ባህላችን» የምንለውን ጠብቀው ያቆዩት እነማን እንደሆኑ ማወቅ የፈለገ ሰው ከረከቦቱ ቃላት ይጀምር።

የቃላቱ ጉዞም አስተማሪ ነው፤ ትርጉም የትም ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። «ቃህዋ» ከጠጅ ተነሥቶ ቡና ሆነ። ካይሮ ሲደርስ «አህዋ» ተብሎ መጠጡም መጠጫ ቤቱም ሆነ። ቱርኩ ቁርሱን «ካህቫልት» ብሎ ሰየመ፤ ቡና ከመጠጣት በፊት የሚበላ ነውና። ስዋሂሊው ቡናማ ቀለምን «ካሃዊያ» አለው። ጀርመናዊው ሩንገ በ1819 ከቡና ፍሬ ያወጣው አነቃቂ ንጥረ ነገር «ካፌይን» ተባለ። ፈረንሳይ ላይ «ካፌ» ቤቱን መጥራት ጀመረና ዞሮ አዲስ አበባ ገባ፤ እኛም የቡና አገር ሰዎች ማኪያቶ ልንጠጣ «ካፌ እንገናኝ» እንባባላለን። «ቡና ቤት» ያልነው ደግሞ ቢራና አረቄ የሚሸጥበት ሆኖ ቀረ። አረቡ ከጠጅ ወደ ቡና ሄደ፣ እኛ ከቡና ወደ ጠጅ ሄድን። ቃል እንዲህ የሚገለባበጥ ከሆነ የዛሬን ድምፅ ይዞ ወደ ትናንት ምንጭ መዝለል አያዋጣም። በእያንዳንዱ ዘመንና በእያንዳንዱ ወደብ ምን ይባል እንደነበር መከተል ያስፈልጋል። የቃላት ታሪክ ጥናት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨዋታ ነው።

«ጨዋታስ ቢሆን ማንን ጎዳ?» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። መልሱን የንግድ ምልክት ሙግታችን ይሰጠናል። በ2005 ኢትዮጵያ «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የገጠማት ዋና ተቃውሞ የቃል ትርጉም ተቃውሞ ነበር፤ እነዚህ ስሞች የአንድ አምራች አገር መለያ መሆናቸው ቀርቶ የቡና ዓይነት ተራ መጠሪያ ሆነዋል ተባለ። በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በሕግ፣ በሰነድና በብርቱ ድርድር ነው። የቃል ጉዳይ ለገበሬው ኪስ ምን ያህል እንደሚቀርብ ያኔ ታይቷል። እንዲህ ባለ ሙግት ውስጥ የሚቀርብ ማስረጃ ሁሉ ይመረመራል። አንዱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ አጠገቡ ያለውን እውነት ጥርጣሬ ላይ ይጥለዋል። የውጭ አንባቢ «ኮፊ ከከፋ ነው» የሚለውን አጣርቶ ባዶ ሲያገኘው «ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ ነው» የሚለውንም እንደዚያው የአገር ፉከራ ነው ብሎ ቢያልፍ በምን እንወቅሰዋለን?

ስለዚህ መምህሩም፣ ማሸጊያ የሚያሳትመው ነጋዴም፣ አስጎብኚውም የሚናገሩትን ይቀይሩ ዘንድ እጠይቃለሁ። አዲሱ አባባል ከአሮጌው አይረዝምም፤ ቡና የተገኘው ከእኛ ጫካ ነው፣ ፍሬው ዛሬም በአረብ ዓለም የሚጠራው «ቡን» በሚለው የእኛ ወገን ስም ነው፣ «ኮፊ» የሚለው ደግሞ ከአረቡ «ቃህዋ» በቱርክ በኩል የመጣ ነው። ይህን የሰማ እንግዳ ሄዶ ቢያጣራ የሚያገኘው የነገሩትን ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል፤ «ቃህዋ» የአረቦች ወርቅ ነው፣ ለእነርሱ ይመለስ።

ከፋስ? ከፋ ከእኛ የቃል ስጦታ አያሻውም። በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ124ቱ የዱር ቡና ዝርያዎች 75ቱ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል፤ የዱሩ አረቢካም ከእነርሱ አንዱ ነው። የዓለም ቡና ነገ በሽታ ቢመታው፣ ሙቀት ቢያጠወልገው፣ መድኃኒት የሚፈለግበት ዘር ያለው በዚያ ጫካ ውስጥ ነው። የከፋን ስም ከቡና ጋር ለዘለዓለም የሚያስተሳስረው ይህ ነው፤ ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ ሊያስተባብለው አይችልም። የከፋው ማንኪራ ነው የጅማው ጮጬ ነው እያሉ ስለ መጀመሪያዋ ዛፍ መከራከሩም፣ ከእንግሊዝኛ ቃል ጋር መመሳሰሉም፣ ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ ትርጉም አይኖራቸውም። ለማሸጊያና ለፖስተር የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ለጫካው ጠባቂዎችና «ቡኖ» ለሚሉት አርሶ አደሮች ቢውል ለከፋ የሚገባውን ከፈልን ማለት ነው።